እየጾምኩ ለምንድነው የምወፍረው?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ሁዳዴን ሥጋም ቅቤም ወተትም አልነካሁ፣ ሱሪዬ ግን አልዘጋ ብሎኛል። ቢሮ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው፣ ለጂም ደግሞ ብሩም ሰዓቱም የለኝም። ምን ይሻለኛል?

የሳሪሷ፦ እህቴ፣ ዘይቱን እዪው። የጾም ወጥ እኮ ቅቤ የለውም እንጂ ዘይቱ ከላይ ተንሳፎ ነው የሚቀርበው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻ 120 ካሎሪ ገደማ አለው። እኔ ሽንኩርቱን በውሃ አቁላልቼ ዘይቱን መጨረሻ ላይ ጠብ አደርጋለሁ። ሽሮው እንደ ድሮው አይጣፍጥም፣ አልዋሽሽም፣ ግን ይለመዳል።

ማለዳ፦ ጂም ምን ያደርጋል? በጠዋት መስቀል አደባባይ ሄደሽ ደረጃውን ውጪ ውረጂ፣ በነጻ ነው። ብቻ በመጀመሪያው ቀን ልሩጥ እንዳትዪ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ላልለመደ ትንፋሽ ታሳጥራለች። ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃሻል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው፣ ከፋፍለሽ አድርጊው።

ጠያቂዋ፦ እሱስ ይቻላል። ግን 9 ሰዓት ላይ ማዕድ ስቀርብ ረሃቡ ያሳብደኛል፣ ሁለት እንጀራ እንደ ቀልድ ያልቃል።

የሳሪሷ፦ መጀመሪያ ጎመንና ምስሩን ብዪ፣ እንጀራው ይድረስበታል። ለስላሳና ሳምቡሳውንም ተዪው በናትሽ። ስኳር ወይ ጨጓራ ካለብሽ ግን ሐኪም ሳታማክሪ ምንም እንዳትጀምሪ።