የእንግሊዝ ቴምብር የት ልሽጥ? ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ ከለንደን የተጻፈ ጥቆማ

ባለፈው ወር አንዲት እህታችን ደወለችልኝ። እዚህ ለንደን አረጋውያንን ትንከባከባለች። ስድስት ዓመት የተንከባከበቻቸው ሽማግሌ አርፈው ልጆቻቸው ሦስት ወፍራም አልበምና አንድ የጫማ ካርቶን ሰጧት። አባታቸው ለእሷ ይሰጥ ብለው ነበር። ውስጡ ቴምብር ብቻ ነው። "ወንድሜ፣ አንተ ይሄን ነገር ትሰበስባለህ አሉ። ልጣለው ወይስ ቤት ልግዛበት?" አለችኝ።

ሁለቱንም አታድርጊ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ስለጠየቁኝ መልሱን አንድ ላይ ልጻፈው።

የት ትሸጣላችሁ የሚለውን የሚወስነው የያዛችሁት ነገር ነው። አንድ ውድ ቴምብር የሚሸጥበት ቤትና አንድ ካርቶን ሙሉ የሚሸጥበት ቤት ለየቅል ነው። ስለዚህ ከመደወላችሁ በፊት እቃውን እዩት። በእጅ አትንኩት፣ የጣት ቅባት ያበላሸዋል። ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ የቴምብር ወረንጦና ማጉያ መነጽር ግዙ። ሁለቱም ከምሳ ዋጋ አይበልጡም።

ከካርቶኑ እንጀምር። የእሷ ካርቶን ውስጥ በብዛት ያለው የንግሥት ኤልሳቤጥ የጎን ምስል ያለበት ትንሹ ቴምብር ነው። ማሺን ይሉታል፣ ምስሉን በሠራው ቀራፂ ስም። ከ1967 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በቢሊዮን ታትሟል። ማህተም የተመታበት ከሆነ ከጥቂቶቹ በቀር ዋጋ የለውም። በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ሰው ሁሉ "ወደፊት ያወጣል" ብሎ ያስቀመጠው የመጀመሪያ ቀን ፖስታም (ቴምብሩ በወጣበት ቀን ማህተም የተመታበት ፖስታ) እንዲሁ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ስላስቀመጠ ዛሬ ሁሉም አለው።

ያልተለጠፈ፣ በአዲሱ ፔኒ ዋጋው የተጻፈበት፣ ሥዕል ያለው የመታሰቢያ ቴምብር ካላችሁ ግን አትጣሉት። ዛሬም ደብዳቤ ይልካል። ነጋዴዎች ከተጻፈበት ዋጋ ቀንሰው ይገዙታል። ተራው ባርኮድ የሌለው ማሺን ከ2023 ወዲህ አያገለግልም፣ የእንግሊዝ ፖስታ ድርጅት ሮያል ሜይል ግን በባለባርኮድ ይለውጣል። ከ1971 በፊት በሽልንግና በአሮጌው ፔኒ የታተመውስ? ፖስታ ቤት አይቀበለውም፣ ሰብሳቢ ካልፈለገው ወረቀት ነው።

ካርቶኑ በዚህ አለቀ። አልበሙን ስንከፍት ግን ዝም አልን።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ፔኒ ብላክ አለ። የዓለም የመጀመሪያው የሚለጠፍ ቴምብር ይኸው ነው፣ በግንቦት 1840 የወጣው። ብርቅ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ ግን አይደለም። ከ68 ሚሊዮን በላይ ታትሟል። ዋጋውን የሚወስነው ሁኔታው ነው። ያን ጊዜ ቴምብር በዙሪያው ጥርስ አልነበረውም፣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ በመቀስ እየቆረጠ ነበር የሚሸጠው። ቸኩሎ የቆረጠ ሰው ሥዕሉን ይነካዋል። አራቱም ጎን ነጭ ህዳግ የተረፈው ባለአራት ህዳግ ይባላል፣ ገንዘቡም እዚያ ነው። የእሷን በመነጽር ስናየው ላይ፣ ታችና ቀኝ ጥሩ ነው። በግራ በኩል ግን መቀሱ ክፈፉን ትንሽ ገብቶበታል። ባለሦስት ህዳግ። ከላዩ ቀይ የማልታ መስቀል ማህተም ተመትቶበታል፣ ደስ የሚል ቀይ።

ታች ግራና ቀኝ ማዕዘን ላይ ሁለት ፊደል አለ። አንድ ሙሉ ወረቀት 240 ቴምብር ነበረው፣ በዚያን ጊዜ ፓውንዱ 240 ፔኒ ስለነበር ሙሉው ወረቀት ልክ አንድ ፓውንድ ነው። የመጀመሪያው ኤ ኤ፣ የመጨረሻው ቲ ኤል ነው። የእሷ ጄ ሲ ይላል። አሥረኛ ረድፍ፣ ሦስተኛ። ይሄን ስነግራት ከምንም ነገር በላይ ደነቃት። "የተቀመጠበትን ቦታ ሳይቀር ያውቁታል?" አለች።

የዚህ ዓይነቱ ባለሦስት ህዳግ ጨረታ ላይ በአብዛኛው መቶ ፓውንድ አይሞላም። አራት ህዳግ ያለው ንጹሕ ከመቶ በላይ ይሄዳል። ካታሎጉ (የቴምብር ዋጋ የተዘረዘረበት መጽሐፍ) ላይ ግን ከ300 በላይ ታያላችሁ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ስታንሊ ጊቦንስ የተባለው የቴምብር ሱቅ የሚያወጣው ካታሎግ ዋጋ ሱቁ ራሱ ጥሩ ሁኔታ ላይ ያለውን ቴምብር የሚሸጥበት ዋጋ ነው። እናንተ የምትሸጡበት አይደለም። የካታሎጉን ሩብ ወይም ሲሶ ካገኛችሁ አልተበላችሁም።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ፔኒ ሬድ፣ ቀዩ የአንድ ፔኒ ቴምብር፣ ተደርድሯል። በግራና በቀኝ ጠርዝ ላይ በጣም ደቂቅ ቁጥር አለ፣ የሰሌዳው (ቴምብሩ የታተመበት ብረት) ቁጥር ነው። ሰሌዳ 77 በጣት የሚቆጠር ብቻ ቀርቷል፣ በመቶ ሺዎች ፓውንድ ይሸጣል። እናም ሰው ሁሉ 77 ያገኛል! ያገኘው ግን 177 ነው፣ የፊተኛዋን 1 ማህተሙ ሸፍኗት። ወይ ደግሞ 73 ነው፣ 3ቱ ደብዝዞ። እኔም አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼበታለሁ። ጠዋት በብርሃን ሳየው 177።

ገንዘቡ የነበረው ሦስተኛው አልበም ውስጥ ነው። በ1929 ለለንደኑ የፖስታ ኅብረት ጉባኤ የወጣው ጥቁሩ የአንድ ፓውንድ ቴምብር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ። እኛ ጊዮርጊስን ስለምናውቀው መሰለኝ ይሄን ቴምብር ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። ጥቅም ላይ ያልዋለ ነው። በወረንጦ ገልበጥ አድርገን ጀርባውን አየን። ሙጫው አለ፣ ግን መሀሉ ላይ አልበም ላይ የተለጠፈባት ትንሽ ወረቀት ጠባሳ ትታለች። ሂንጅ የነካው ይባላል። ጠባሳው ባይኖር ዋጋው በጣም ከፍ ይል ነበር። እንዲህም ሆኖ መቶዎች ያወጣል።

አሁን ወደ ጨረታ ቤቶቹና ሌሎቹ መሸጫዎች።

ስፒንክ። ብሉምስበሪ ነው፣ ከ1666 ጀምሮ አለ። ሳንቲምም ሜዳልያም ይሸጣል። በሺዎች የሚቆጠር ነገር ካላችሁ እዚያ ሂዱ፣ ሀብታሙ ገዢ ያለው እዚያ ነው። ባለሦስት ህዳግ ፔኒ ብላክ ይዛችሁ ብትሄዱ ግን ከሌላ ጋር ይጠቀለላል፣ ወይም በጨዋ አንደበት ይመለሳል።

ግሮቨነር። ስትራንድ መንገድ ላይ ነው፣ ሥራው ቴምብር ብቻ ነው። ለመቶዎች ፓውንድ ቴምብር የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። የእንግሊዝ ቴምብር የሚሰበስብ ተጫራች ይከታተለዋል፣ አንዱን ቴምብር ለብቻው ፎቶ አንስተው በራሱ ቁጥር ያወጡታል። የጥቁሩ ጊዮርጊስ ቦታ እዚህ ነው።

ዎሪክ ኤንድ ዎሪክ። ከለንደን ውጭ ዎሪክ ከተማ ነው። አልበም በሙሉ፣ የዕድሜ ልክ ስብስብ፣ ከሟች የተረፈ ሣጥን ለመሸጥ የታወቀ ቤት ነው። እያንዳንዱን ለመለየት ጊዜውም እውቀቱም ከሌላችሁ እዚህ ስጡ። ገዢው ራሱ ነጋዴ ስለሚሆን ከውስጡ አንድ ዕንቁ ቢኖር ትርፉ የእሱ ነው። ለዚህ ነው መጀመሪያ እዩት ያልኩት።

ካቨንዲሽ፣ ደርቢ። ደብዳቤ ከነፖስታው ካላችሁ እዚህ ጠይቁ።

ስታንሊ ጊቦንስን ለመሸጥ ሳይሆን ለመግዛት እመክራለሁ። በ1856 ፕሊመዝ ውስጥ የተጀመረ ነው። ውድ ነው፣ ግን የገዛችሁት ነገር የተባለውን ስለመሆኑ እንቅልፍ አታጡም። ለጀማሪ ስጦታ የሚሆን ቴምብር ከዚያ ቢገዛ አይቆጭም።

ኢቤይ ከሃምሳ ፓውንድ በታች ላለው ሁሉ ጥሩ ነው። በግል የሚሸጥ ሰው ከ2024 መገባደጃ ወዲህ የሽያጭ ኮሚሽን አይከፍልም። ለመግዛት ግን ዓይናችሁን ግለጡ። ህዳጉ የተቀጠለ፣ ማህተሙ በኬሚካል ታጥቦ አዲስ የተባለ፣ ሙጫው ዳግም የተቀባ ሞልቷል። የጀርባው ፎቶ የሌለውን አልገዛም።

ጨረታው እንዴት እንደሚበላችሁ በቁጥር ላሳያችሁ። መዶሻው 200 ፓውንድ ላይ መታ እንበል። ሻጩ 15 በመቶ ኮሚሽን ቢኖርበት 30 ይቀነሳል፣ በኮሚሽኑ ላይ ቫት 6 ፓውንድ። እጁ የሚገባው 164 ነው። ገዢው ደግሞ 24 በመቶ ጭማሪ ቢኖርበት 48 ከነቫቱ 57.60 ይጨምራል፣ 257.60 ይከፍላል። መሀል ላይ 93.60 ቀረ። መጠኑ ከቤት ቤት ይለያያል፣ የሻጩን ኮሚሽን ደግሞ መደራደር ይቻላል። እኛ ደግሞ መርካቶ ያደግን ሰዎች ነን፣ ጠይቁ። የመድንና የፎቶ ክፍያ ካለም አስቀድማችሁ አስጽፉ። "ከዚህ በታች አይሸጥብኝ" የምትሉትን ዋጋም አስመዝግቡ፣ ግን አታጋንኑት፣ ሳይሸጥ ከተመለሰ ቀጥሎ ሲወጣ ተጫራች ይሸሸዋል። ካስረከባችሁበት እስከ ገንዘቡ ወራት ይወስዳል። ለኪራይ አስባችሁት ከሆነ ተዉት።

የምስክር ወረቀትስ? ለ60 ፓውንድ ቴምብር አያስፈልግም፣ ወጪው ይበልጣል። ሰሌዳ 77 አለኝ ለምትሉ ግን ያለሱ ማንም አያናግራችሁም። በ1869 የተመሠረተው የለንደኑ የሮያል ፊላቴሊክ ማኅበር የባለሙያ ኮሚቴና ቢ ፒ ኤ የተባለው የቴምብር መርማሪ ድርጅት የሚሰጡት የታመነ ነው። ዝም ብሎ "የእውነተኛነት ሰርተፊኬት" የሚል በወርቅ ቀለም ያጌጠ ወረቀት ለሥዕል መስቀያ ይሁናችሁ።

ታክስ ለሚያስፈራው፣ አንድ ቴምብር ከ6,000 ፓውንድ በላይ እስካልተሸጠ ድረስ በአብዛኛው የካፒታል ትርፍ ግብር አይመለከታችሁም። ሙያችሁ ንግድ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

የእኔን ስህተት ልንገራችሁና አትድገሙት። ስጀምር አንድ አሮጌ ደብዳቤ ላይ የተለጠፈ ፔኒ ሬድ ገዛሁ። ኢንተርኔት ላይ እንዳየሁት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ አላቀቅኩት። ቴምብሩን አልበም ውስጥ፣ ፖስታውን ቆሻሻ ውስጥ። በኋላ ፎቶውን ያየ አንድ ነጋዴ ጭንቅላቱን ያዘ። ለካ ፖስታው ላይ የነበረው የትንሽ ገጠር ፖስታ ቤት ማህተም ነው ዋጋ የነበረው። የቀረኝ ሁለት ፓውንድ የማያወጣ ቴምብር ነው። ከፖስታ ላይ ምንም አታላቅቁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ሱቅ ገብቼ አልበም ሳሳይ ባለሱቁ ገጹን በፍጥነት ገልብጦ "40 ፓውንድ፣ አሁን በጥሬው" አለኝ። አንዱ ገጽ ላይ ዓይኑ ትንሽ ቆየት ስላለ ጠረጠርኩ። ይዤው ወጣሁ፣ ያቺ ገጽ ብቻዋን ሦስት እጥፍ አወጣች።

ለእኛ ሰው የምጨምረው አለ። በ1868 የመቅደላ ዘመቻ ጊዜ የናፒየር ወታደሮች ወደ ሀገራቸው የላኳቸው ደብዳቤዎች እነዚህ ጨረታዎች ላይ አልፎ አልፎ ይወጣሉ። ቪክቶሪያ ያለችበት የህንድ ቴምብር ነው የተለጠፈባቸው፣ ጦሩ ከህንድ ስለመጣ። ካታሎግ ውስጥ "ኢትዮጵያ" ብላችሁ ብትፈልጉ አታገኙም። ህንድ ሥር ወይም "አቢሲኒያ" በሚለው ፈልጉ። የእኛ የራሳችን ቴምብር፣ ፓሪስ የታተመው የምኒልክ፣ ገና ከ26 ዓመት በኋላ ነው የመጣው። እሱን ገዝቶ መጀመር ለሚፈልግ ዋጋው አያስደነግጥም።

እህታችን ጊዮርጊሱን ለጨረታ ሰጥታለች። ካርቶኑ የበጎ አድራጎት ሱቅ ገባ። ፔኒ ብላኩን ግን አልሸጥም አለች። በየሳምንቱ እየደወለች "ሰሌዳው ስንተኛ ነው?" ትለኛለች። አሥራ ሁለት ዓይነት ሰሌዳ አለ፣ የሚለየው ጄና ሲ ሳጥናቸው ውስጥ ወደ የት እንዳዘነበሉ እየለኩ ነው። ሰሌዳ 1ለ (1b) ይመስለኛል ብያት ነበር፣ ትናንት ማታ ደግሞ 5 መሰለኝ።