የጀልባችን ስቴንለስ ለምን ዛገ?

ጠያቂ፦ ሰላም፣ ሐይቅ ላይ ጀልባ አለን። መደገፊያው ስቴንለስ ነው፣ ግን ብየዳው ጋ ቡናማ ነጠብጣብ አወጣ። በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ብፈትገው ጭራሽ ባሰበት። ተሸወድን እንዴ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ! ያባሰው ሽቦው ነው፤ የብረት ብናኝ ይተውበትና ያ ብናኝ ይዝጋል። ስቴንለስን የሚጠብቀው ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ሆኖ የሚሠራው ስስ ሽፋን ነው፣ ብየዳ ደግሞ ያን ሽፋን ያበላሸዋል። ሎሚ ጨምቀህ ቀባው፣ ትንሽ ቆይተህ በለስላሳ ስፖንጅ እሽት እሽት አድርገህ በብዙ ውኃ እጠበውና አድርቀው። በረኪና እንዳታስነካው፣ አደራ!

ሌላ መልስ፦ እርጥብ ገመድ ጠምጥማችሁበት አታሳድሩ፤ አየር ካጣ ከሥሩ ይበላል። 316 የሚባለው የስቴንለስ ዓይነት ለባሕር ጨው ነው፣ ለሐይቃችን 304 የሚባለው ይበቃል። ብሎኑንስ አይተኸዋል፣ ተራ ብረት እንዳይሆን?

ጠያቂ፦ አየሁት፣ እውነትም ተራ ብረት ነው። ነገ እቀይረዋለሁ፣ አላህ ይስጥልኝ።