ከማተሚያ ቤት የተሰጡን አሮጌ ማሽኖች፦ ከስልክ ብሮውዘር ማዘዝ ይቻላል?

አባይ ማዶ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው ያለነው። ለሕፃናት የአማርኛ ተረት እያዘጋጀን በነፃ የምናድል ትንሽ ማኅበር ነን። ሰባት በጎ ፈቃደኞች ስንሆን አብዛኞቻችን ያለን ስልክ ብቻ ነው። አንድ ማተሚያ ቤት አዲስ ማሽን ሲያስገባ ሁለት አሮጌዎቹን ሰጠን። አንዱ ኤችፒ ሌዘርጄት 5200፣ ሌላው ሪሶግራፍ ማባዣ። ፍራሽ አንጥፈን በጋሪ ነው ያመጣናቸው። ሁለቱም ሲሠሩ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከሌዘሩ ጋር የመጣው ሲዲ ግን ለዊንዶውስ ኤክስፒ የተሠራ ነው። ያለን ላፕቶፕ ደግሞ አንድ ብቻ፣ እሱም የአንዷ ልጅ የግል ንብረት ነው። እሷ ስትሄድ ሥራው ይቆማል። ማንኛችንም ከስልካችን ብሮውዘር ፒዲኤፍ ልከን ማተም ብንችል እፎይ እንል ነበር። "ለቆራሌው ስጡት" የሚሉን አሉ። እኔ ግን አልሰጥም። መላ ካላችሁ ንገሩኝ።

ከፔዳ፦
ማሽኑ ደህና ነው፤ ያረጀው ድራይቨሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከማሽኑ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር ነው። አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ፈልጉና በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጫኑበት። ከፕስ የሚባል ነፃ የማተሚያ ሶፍትዌር አለው። ሌዘሩን በዩኤስቢ አገናኙት። ብሮውዘር ላይ የኮምፒውተሩን አድራሻ፣ ከኋላው ኮለንና 631 ስትጽፉ ገጹ ይከፈታል። ማሽን መጨመር፣ ወረፋ ማየት፣ በስህተት የተላከ መሰረዝ፣ ሁሉም እዚያው ነው። ማጋራትን ካበራችሁ በዚያው ዋይፋይ ያሉ አንድሮይድ ስልኮች ማሽኑን ራሳቸው ያገኙታል። ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል።

አደራ፣ ሌዘሩን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ባትሪ) ላይ እንዳትሰኩት። ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ከባድ ነው። ዩፒኤሱ ለኮምፒውተሩ ይሁን።

የማተሚያ ቤት ሠራተኛ፦
ሪሶውን ከኮምፒውተር ጋር ለማገናኘት አትልፉ። በሌዘሩ አንድ ጥርት ያለ ገጽ አውጡ፣ መስታወቱ ላይ ድፉት፣ ማስተር፣ ማለትም ገጹ የተበሳበት ቀለም አሳላፊ ስስ ወረቀት ይሠራላችኋል። ከዚያ መቶውን ኮፒ በደቂቃ ይጨርሰዋል። እንደ ሌዘር በሙቀት አይሠራም፤ ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ነው የሚደርቀው። ስለዚህ የሚያብለጨልጭ ወረቀት ላይ ይለቃል። የፊቱን ገጽ አትማችሁ ሳታሳድሩ ጀርባውን አትንኩት። ለአሥር ኮፒ ደግሞ ማስተር አታባክኑ፤ እሱን ሌዘሩ ይጨርሰው።

ወረቀት ላይ ጠንቀቅ በሉ። የጣናን የክረምት እርጥበት ታውቁታላችሁ። ደስጣው ተከፍቶ ካደረ ጫፉ ይወላገዳል፣ ማሽኑ ሁለት ሁለት እየጎተተ ይነክሰዋል። ልታትሙ ስትሉ ብቻ ክፈቱት። ሲሚንቶ ወለል ላይም አይቀመጥ።

አባይ ማዶ፦
ከፕሱ ሠራ! ስልኬ ላይ "አትም" ስል ከማዶ ክፍል ሌዘሩ ሲነሳ ሰማሁት። ዝም ብዬ ቆሜ አዳመጥኩት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረን። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ድሮ የጻፉትን ተረት በፍላሽ ሰጥተውን ነበር። ስልክ ላይ ስንከፍተው ፊደሉ የለም፤ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ዝብርቅርቅ ነገር ነው።

ከፔዳ፦
ፋይሉ አልተበላሸም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች የኛን ፊደል የእንግሊዝኛው ቦታ ላይ ነው ያስቀመጡት፤ ፎንቱ ከሌለ የሚታየው ያ ነው። ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ፈልጋችሁ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት፣ ፎንቱም አብሮ ይግባ። አጭር ከሆነ ግን እንደገና መተየብ ይሻላል፤ ወደፊት ማረም ትችላላችሁ።

አባይ ማዶ፦
ተየብነው። መምህሩ አጠገቤ ተቀምጠው "ሐመሩን ሐ ነው" እያሉ አረሙኝ። 16 ገጽ፣ በአራት ወረቀት፣ ስምንት ማስተር፣ 120 መጽሐፍ። ገጽ 16 እና ገጽ 1 አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሲወጡ ልጆቹ ተሳስተናል ብለው ደነገጡ። አጥፌ አሳየኋቸው። የፊቱን አሳድረን ጀርባውን በማግስቱ አተምን።

ዛሬ ስቴፕል ስንመታ የጎረቤት ልጅ መጣች። የመጀመሪያውን ተቀብላ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ገጽ 7 ላይ ስትደርስ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፤ ቀለሙ ሳስቶብናል። ሪሶው ላይ ቀለም የሚያጠቁረው በየት በኩል ነው?