ኤሊዋ ትቀቀል ወይስ አትቀቀል? የመይቴይ ተረቶችን ለልጆች ስለመንገር የተደረገ ክርክር

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው መከራከሪያችን ከሰሜን ምሥራቅ ህንድ፣ ከማኒፑር የመጣ ነው። የመይቴይ ሕዝብ ጥንታዊ ተረቶች ለልጆች እንደገና ሲጻፉ ጭካኔያቸው ይለዝብ ወይስ እንዳሉ ይቅረቡ? ለማያውቁት በጣም የታወቀውን በአጭሩ ላስታውስ። አንድ ሰው ሁለት ሚስቶች ነበሩት፤ ትልቋ ሳንድሬምቢን፣ ትንሿ ቻይስራን ወለዱ። ትንሿ ጣውንቷን በተንኮል ገደለቻት። የሞተችው እናት ኤሊ ሆነች፤ በሕልምም ለልጇ መጥታ፣ ኤሊዋን ወስዳ ለጥቂት ቀናት ሸፍና ብትጠብቃት ተመልሳ ሰው እንደምትሆን ነገረቻት። ቻይስራ ነገሩን ደርሳበት ኤሊዋ ካልተቀቀለች ብላ አስቸገረች፤ የእንጀራ እናቲቱም ሳንድሬምቢን የገዛ እናቷን እንድትቀቅል አስገደደቻት። ሳንድሬምቢ ኋላ የንጉሥ ሚስት ሆነች፣ በፈላ ውኃ ተገደለች፣ ርግብ ሆነች፣ ከዚያ ከማንጎ ውስጥ ሰው ሆና ወጣች። ቻይስራም በመጨረሻ ሞተች። እንግዲህ መድረኩ የእናንተ ነው።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፦ እኔ ሳላመነታ ይለዝብ እላለሁ። ከአምስት ዓመት ልጆች ጋር የምውል ሰው ነኝ። ልጅ ተረት ሲሰማ ወሬ እየሰማ አይደለም፤ ቤቱን እየመረመረ ነው። «እናቷን ቀቀለቻት» የሚለውን የሰማ ልጅ ማታ የሚያስበው እናቱን ነው። ስለ ማኒፑር ደግሞ አንድ ነገር እንዳትረሱ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 በመይቴይና በኩኪ ማኅበረሰቦች መካከል ግጭት ከተነሣ ወዲህ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል፤ ከነዚያ ስንቶቹ ልጆች እንደሆኑ ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም። በመጠለያ ተኝቶ የሚያድር ሕፃን ስለ ፈላ ውኃ እንዲሰማ ለምን እንፈልጋለን? ኤሊዋ ታምልጥ፣ ወደ ሎክታክ ሐይቅ ትግባ፣ ልጇን ከውኃው ውስጥ ትምከራት። ተረቱ አይሞትም።

የሦስት ልጆች አባት፦ መምህርት፣ በአክብሮት እቃወማለሁ። እኛ ያደግነው ጅብ አህያን ሲበላ እየሰማን ነው፤ ልጆቼም ዛሬ አያታቸው ዘንድ ሲሄዱ መጀመሪያ የሚጠይቁት የጅቡን ነው። ፍርሃት የሌለበት ተረት ለልጅ ጆሮ አይገባም።

ደልሂ የተማረ፦ ለሦስተኛ ዲግሪዬ ደልሂ በነበርኩ ጊዜ ክፍል የተጋራኝ ተማሪ መይቴይ ነበር፤ ስለዚህ ጥቂት ልጨምር። እነዚህ ተረቶች በቋንቋቸው «ፉንጋ ዋሪ» ይባላሉ፤ የምድጃ ዳር ወጎች እንደማለት ነው። ማታ እሳት ዳር ልጆች ተሰብስበው ከአያት የሚሰሟቸው ናቸው። እዚህ ላይ የሁላችሁንም ትኩረት የምሻው በታሪኩ ላይ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጋሪብ ኒዋዝ የተባለው ንጉሥ ፓምሄይባ የሂንዱውን አምላክ የቪሽኑን እምነት የመንግሥት ሃይማኖት ካደረገ በኋላ የመይቴይ ጥንታዊ የእጅ ጽሑፍ መጻሕፍት፣ ፑያዎቹ፣ እንደተቃጠሉ ይነገራል፤ የሚጠቀሰው ዓመት ብዙ ጊዜ እ.ኤ.አ. 1729 ነው። የራሳቸው ፊደል መይቴይ ማዬክም ቦታውን ለቤንጋሊ ፊደል ለቀቀ። ከዚያ ሁሉ ያለፈውን ያሻገሩት ማይቢ የሚባሉት ካህናት ሴቶች፣ ፔና የሚባለውን ባለ አንድ አውታር መሣሪያ የሚመቱ ዘፋኞችና እሳት ዳር የተቀመጡ አያቶች ናቸው። እንዲህ ተጎድቶ የተረፈን ነገር ለልጅ አይመጥንም እያሉ መሸራረፍ እኔን ያሳዝነኛል።

ደግሞ ሁሉም ተረት ብቻ አይደለም። የሳናማሂንና የፓኻንግባን ወግ ውሰዱ። አባታቸው ዓለምን ቀድሞ ዞሮ የመጣ ዙፋኑን ይወርሳል አላቸው። ሳናማሂ እውነት ብሎ ሊዞር ሄደ። ፓኻንግባ ግን በእናቱ ምክር የአባቱን ዙፋን ዞሮ፣ አንተን መዞር ዓለምን መዞር ነው አለና ነገሠ። ሳናማሂ ሲመለስ ቁጣው ከባድ ነበር፤ በመጨረሻ የየቤቱ አምላክ ሆነ። ዛሬም የጥንቱን እምነት በሚከተል መይቴይ ቤት በደቡብ ምዕራቡ ማዕዘን የሳናማሂ ቦታ አለ። ልጁ በየቀኑ የሚያየው ማዕዘን ነው። ይህን ወግ «ወንድማማቾቹ ተቃቅፈው ታረቁ» ብሎ የሚጨርስ ጸሐፊ የሚነካው የሰው እምነት ነው።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፦ ወንድሜ፣ የሳናማሂን ጉዳይ ተቀብያለሁ፤ የሚጸለይበትን ወግ እንደፈለግን አንቀይርም። የኤሊዋ ግን ጸሎት አይደለም። እርስዎ ራስዎ እንዳሉት ያሻገሩት አያቶች ናቸው። አያት ደግሞ የልጁን ፊት እያየች ትናገራለች፤ ሲፈራ ታሳጥራለች፣ ሲስቅ ታስረዝማለች። መጽሐፍ ፊት አያይም። ስለዚህ የመጽሐፉ ጸሐፊ አስቀድሞ መጠንቀቅ አለበት።

የልጆች መጻሕፍት አርታኢ፦ መምህርት ያነሱት ነጥብ ከሁሉም ጠንካራው ነው፤ እኔም ስንት ጊዜ በእጄ በያዝኩት ረቂቅ ላይ ተጨንቄበታለሁ። ግን መልሱ ሌላ ነው ብዬ አምናለሁ። የድስቱን ትዕይንት ቀረብ ብለን እንየው። ውኃው መፍላት ሲጀምር እናቲቱ ከውስጥ ሆና ልጇን ትጣራለች። ሳንድሬምቢ እንጨቱን ከእሳቱ ትስባለች። የእንጀራ እናቲቱ ደግሞ መልሳ ትማግዳለች። ልጂቱ ትስባለች፣ ሴትዮዋ ትማግዳለች። ልብ በሉ፤ ተረቱ ልጅ ሊያደርገው የሚችለውን ሁሉ ስታደርግ ያሳያታል። ትልቅ ሰው በግድ ያሠራው ክፋት የልጅ ጥፋት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ በግልጽ የሚነገርበት መንገድ አላውቅም። ኤሊዋ ወደ ሎክታክ ካመለጠች ይህ ሁሉ ይጠፋል። የተጎዳ ልጅ፣ መምህርት የጠቀሱት የመጠለያው ልጅ ጭምር፣ በተረቱ ውስጥ ራሱን የሚያገኘው እንጨቱን በምትስበው እጅ ነው።

ማለዘብ ትርጉም ሲያጠፋ ሌላ ምሳሌ ልስጥ። በጥንት ጊዜ ሁለት ፀሐዮች እየተፈራረቁ ይወጡ ነበር የሚል የመይቴይ ወግ አለ። ሌት ስለሌለ ዕረፍት ያጣ አንድ ባሪያ ቀስት ሠርቶ አንዷን ይወጋል። ሌላዋ ፈርታ ትሸሸጋለች፤ ዓለም ይጨልማል፤ በብዙ ልመናና ሥርዓት ትመለሳለች። ባሪያ የሚለው ነገር ለልጅ ይከብዳል ብላችሁ ሰውየውን «ጀግና ቀስተኛ» ካደረጋችሁት ፀሐይን ለምን ወጋ? ያለ ዕረፍት የሚሠራ ሰው መሆኑ ሲቀር ታሪኩ የዒላማ ጨዋታ ይሆናል።

የሦስት ልጆች አባት፦ እንግዲያው ምንም አይነካ ማለትዎ ነው?

የልጆች መጻሕፍት አርታኢ፦ አይደለም። የሚያስፈራው ይቆይ፤ ጎረቤትን የሚያስንቀው ይመርመር ነው የምለው። ኬይቡ ኬዮይባን ታውቁ ይሆናል፤ ራሱ ነብር፣ ገላው ሰው የሆነው ፍጡር። ሊበላት የመጣባት አሮጊት ራሷን ለማዳን የጎረቤቷን ልጅ አሳልፋ ትሰጣለች። ያቺ የሰባት ወንድሞች አንዲት እህት ታባቶን ናት። ነብሩ ወደ ጫካ ይወስዳታል። እርሷ ደግሞ ታቹ ክፍት የሆነ ቀርከሃ አስይዛ ውኃ እንዲቀዳ ትልከዋለች፤ እርሱ ያልሞላለትን ሲቀዳ ወንድሞቿ ደርሰው ይታደጓታል። ልጆች በቀርከሃው ይፈነድቃሉ። ችግሩ መነሻው ላይ ነው። በታወቀው አነጋገር ኬይቡ ኬዮይባ ቀድሞ የካቡይ ሰው የሆነ ጥበበኛ ካህን ነበር፤ ነብር መሆን ተሳካለት፣ መመለሻው ጠፋበት። ካቡይ ደግሞ ዛሬም በማኒፑር ኮረብቶች የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። መይቴዮች በብዛት በሚኖሩበት ሸለቆ ውስጥ ላለ ልጅ፣ ሰው በላው አውሬ የኮረብታ ሰው ነበር ብለን በሥዕል አትመን እንስጠው? እኔ የጎሳውን ስም አላትምም። «አንድ ጥበበኛ ካህን» ይበቃል።

ደልሂ የተማረ፦ ሁለት ነገር ላርም። የ2023ቱ ግጭት በዋናነት በመይቴይና በኩኪ መካከል ነው፤ ካቡዮች ከናጋ ሕዝቦች የሚቆጠሩ ናቸው፤ አንድ ላይ አንጨፍልቃቸው። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ስሙን ስናወጣ ንቀቱን አውጥተን ይሆናል፤ አብረን ግን ሸለቆና ኮረብታ በአንድ ወግ ውስጥ እንደነበሩ የሚመሰክረውን ማስረጃ እናወጣለን። ያ ካህን እኮ የተነገረለት በጥበቡ ነው። በላይ ሃራኦባ፣ በአማልክቱ ክብረ በዓል፣ ኖንግፖክ ኒንግቱ የሚባለው አምላክ የኮረብታዎቹን የታንግኩል ናጋ ልብስ ለብሶ ይመጣል፤ ከሴቲቱ አምላክ ከፓንቶይቢ ጋር በእርሻ ቦታ ይጣላሉ፣ ይቀላለዳሉ፣ ይዋደዳሉ። የመይቴይ አምላክ የኮረብታ ሰው መስሎ ሲወደድ ልጆች ያያሉ። ስሞቹን ሁሉ ካጠፋችሁ ይህም አብሮ ይሄዳል። የካቡይን ስም አትሙ፤ ከጎኑ ደግሞ ይህን አትሙ።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፦ ይህ አሳመነኝ፤ ሁለቱ በአንድ ጥራዝ ከሆኑ። ለብቻው ግን የነብሩን ተረት በስሙ ለልጆቼ አላነብም።

የልጆች መጻሕፍት አርታኢ፦ እኔ ገና አልተዋጠልኝም። ጥራዝ ይገነጠላል፤ ልጅ የሚያስታውሰው ነብሩን ነው። ስለ ፓንቶይቢ ያሉትን ግን ከልብ እቀበላለሁ።

መምህርት «መጽሐፍ ፊት አያይም» ላሉት ደግሞ አንድ ነገር ልመልስ፤ እዚያው የሚታይ እውነት ነውና። መይቴይ ማዬክ እ.ኤ.አ. ከ2006 ገደማ ጀምሮ ወደ ትምህርት ቤት ተመልሷል። የዛሬ ልጆች የሚማሩት በእርሱ ነው፤ ወላጆቻቸውና አያቶቻቸው የተማሩት በቤንጋሊ ፊደል ነበር። እንግዲህ በተመለሰው ፊደል የታተመውን የሳንድሬምቢን መጽሐፍ በብዙ ቤት ማንበብ የሚችለው ልጁ ነው። ልጁ ለአያቱ ያነባል ማለት ነው። አያቲቱ ደግሞ ተረቱን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ኤሊዋ አምልጣ ካገኘቻት «እንዲህ አይደለም» ብላ ታቋርጠዋለች። መጽሐፉን የምናዘጋጀው እነዚህ ሁለቱ አብረው እንዲይዙት ነው። ስለዚህ የድስቱ ገጽ ይቆይ፤ ሥዕሉ ግን ድስቱን ሳይሆን እንጨቱን የምትስበውን ልጅ ያሳይ፤ ከገጹ ግርጌም ቦታ ይተው፣ አያቲቱ የምታውቀውን ልጁ በእጁ እንዲጽፍበት።

የሦስት ልጆች አባት፦ ሥዕሉ ላይ እስማማለሁ። የካቡይን ስም በተመለከተ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለባቸው ካቡዮቹ ናቸው፤ ይህን እስካሁን ማንም አላነሣም።

አወያይ፦ እውነት ነው። የሚቀጥለውን ዙር ከዚሁ ጥያቄ እንጀምራለን።