ቡሬ ላይ መንገዱ ቢሰፋ ነው የሚሻለው ወይስ እንደገና ቢሰራ?

ጎሚስታው፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች። እኔ ቡሬ ዋናው አስፋልት ዳር ጎማ እየጠገንኩ ነው የምኖረው። አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2013 ከተመረቀ ወዲህ እጄ የሚገባው ጎማ ተለውጧል፣ ድሮ አይሱዙና ሚኒባስ ነበር አሁን ተሳቢ በዝቷል፣ መንገዱ ግን ያው አንድ ነው፣ ከአዲስ አበባ ባህር ዳር የሚያልፈውም በሱ ወደ ነቀምት የሚታጠፈውም በሱ ባጃጁም ጋሪውም በሱ። እኔ ደጅ ላይ አስፋልቱ የጎማ ቦይ አውጥቷል። ትናንት ስራ ፈትቼ ጣውላ አጋድሜበት ከስሩ የሻይ ብርጭቆ ባስገባ ቀጥ ብላ ቆመች፣ ውሸት ከመሰላችሁ መጥታችሁ እዩ። ሰፈርተኛው በሙሉ ይስፋ፣ አካፋይ ይግባበት ነው የሚለው። እኔ ደግሞ ቢሰፋ ሁለት የነበረው ቦይ አራት ይሆናል እንጂ ምን ይለወጣል እላለሁ። የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። እውነቱን ለመናገር ሱቄም ጥግ ላይ ስለሆነች ይሄ ይስፋ የሚባለው ነገር ያስፈራኛል።

ሬንጅና ጠጠር፦
ወንድሜ አይንህ ጥሩ ነው፣ መንገድ ላብራቶሪ ሰርቻለሁና ልንገርህ። መጀመሪያ የቦዩን ዳርና ዳር እይልኝ። ወደ ላይ አብጦ ከሆነ የተገፋው ላይኛው አስፋልት ነው፣ እሱን ልጦ በጠንካራ ድብልቅ መተካት ይቻላል። ሳያብጥ ሰፋ ብሎ ከሰመጠ ግን ችግሩ ከስር ነው፣ ከአስፋልቱ ስር የተነጠፈው ገረጋንቲ ወይ አፈሩ ለቋል ማለት ነው፣ እዛ ላይ አስፋልት መደረብ ብር ማቃጠል ነው። የጭነቱ ነገር ደግሞ ሰው አይገባውም። አሜሪካኖቹ በፈረንጆች ከ1958 እስከ 1960 ኢሊኖይ ላይ መኪና እያመላለሱ ሞክረው እንዳገኙት በአክስሉ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ጎማውን በሚያያይዘው ብረት፣ ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ እጥፍ ሳይሆን ወደ 16 እጥፍ ነው የሚጠጋው። 10 ቶን የነበረውን 13 ብታደርገው እራሱ ጉዳቱ ወደ 3 እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ትርፍ ጭነት የሚይዝ የመኪና ሚዛን ሳይኖር ማስፋት ዝም ብሎ ነው።

ተሳቢ ነጂ፦
ሁሉም ነገር በሾፌር ይላከካል ወይ ጉድ። ትርፍ የሚጭነው ሾፌሩ ነው እንዴ? ባለጭነቱ ጫን ይልሃል፣ እምቢ ካልክ ሌላ ሾፌር ይጠራል። ሌላው ደግሞ ማራገፊያ እስኪደርስህ የት ትቆማለህ፣ ጥርጊያው ላይ ነዋ፣ ግማሽ ጎማ አስፋልት ላይ ግማሽ ጭቃ ላይ፣ ሌሊቱን እዛው ታድራለህ። ቆሞ የሚያድርና በአንደኛ ማርሽ የሚጎተት መኪና ነው አስፋልት የሚበላው፣ የዓባይን በረሃ ወደ ደጀን ስትወጣ የምታየው ነገር እኮ ነው። አራት መስመር ብትሰሩልን ሁለቱን መስመር እኛው ቆመን እንይዘዋለን። መጀመሪያ መኪና ማቆሚያ ስጡን።

ሬንጅና ጠጠር፦
ልክ ብለሃል ጋሼ፣ ቆሞ የሚያድረው መኪና የሚያንጠባጥበው ናፍጣም ሬንጁን ያሟሟዋል። መኪና የሚቆምበትን ቦታ በኮንክሪት መስራት የሚመረጠው ለዚህም ጭምር ነው።

የወንበርማ ልጅ፦
ጎሚስታው የሱቁን ነገር ለጠየቅከው፣ መሬት ለህዝብ ጥቅም ሲወሰድ ስለሚከፈለው ካሳ የሚናገረውን አዋጅ 1161/2011ን ፈልገህ አንብብ፣ ከዛም ማሻሻያ ወጥቶበታል እሱንም ጨምር። ካርታህን ካላወጣህ አውጣ፣ ቤትህንም አሁኑኑ ፎቶ አንሳ። ልቀቅ የሚል ማስታወቂያ ከደረሰህ በኋላ ደግሞ አንዲት ቆርቆሮ እንዳትጨምር፣ ለሱ ካሳ የለም። አንድ ዘመዳችን በረንዳ ቀጥሎ ሲያለቅስ አይቻለሁ።

ጎሚስታው፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጠዋት ወጥቼ አየሁት፣ ደጄ ላይ ያለው አብጧል፣ ዝቅ ብሎ ቱቦው ጋ ያለው ግን ምንም ሳያብጥ ሰምጧል፣ ውሃም አቁሯል። ውሃው ለምን አይሄድም ብዬ ቱቦውን ጎንበስ ብዬ ባይ አፉን የዘጋው የኔው አሮጌ ጎማ ነው፣ ሰባት ቆጠርኩ። አትሳቁብኝ፣ ልጁን ጠርቼ እያወጣን ነው።