ፒኪንግ ታይም ሲረዝም ሪዞሉሽኑ ለምን ይበላሻል?

ሲሊከን ድሪፍት ዲቴክተሬን (የኤክስሬይ ኃይል መለኪያ፤ 25 ሚሜ ካሬ፣ የተጠራቀመ ቻርጅን በየጊዜው በሪሴት የሚያጸዳ ፕሪአምፕ ማለትም ቅድመ ማጉያ ያለው) ከአሮጌው አናሎግ ማጉያ ነቅዬ አዲስ ዲጂታል ፐልስ ፕሮሰሰር ላይ ገጠምኩት። የብረት-55 የ5.9 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ፒክ በአናሎጉ ስፋቱ (ማለትም ሪዞሉሽኑ፤ ሲጠብ ይሻላል) 140 ኤሌክትሮን ቮልት ነበር። አሁን በ1 ማይክሮ ሰከንድ ፒኪንግ ታይም (የተጣራው ፐልስ ጫፉ ላይ እስኪደርስ የሚወስደው ጊዜ) 175፣ በ4 ላይ 190፣ በ10 ላይ 230 ነው።

ሊኬጅ ከረንት (ጨረር ሳይኖርም በዲቴክተሩ የሚያልፍ ጥቃቅን ከረንት) ይመስላል፤ ግን ዲቴክተሩ እንደ ድሮው 220 ኬልቪን ላይ ነው፣ የብረት-55 ምንጩን አንስቼ በኦሲሎስኮፕ ያየሁት የሪሴት ድግግሞሽም አልጨመረም። ፖላሪቲው ልክ ነው። ከሪሴት በኋላ ፕሮሰሰሩ ፐልስ የማይቀበልበትን የመዝጊያ ጊዜ ወደ 100 ማይክሮ ሰከንድ ባሳድገውም ለውጥ የለም። የላፕቶፑን ቻርጀር ስነቅል ግን ስፋቱ በ15 ያህል ቀነሰ፤ ጥርጣሬዬ ወደ ግራውንድ ሉፕ (መሣሪያዎች ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ግራውንድ ሲገናኙ ኖይዝ የሚያስገባ ዑደት) ያዘነበለው ለዚህ ነው።

ፕሪአምፑ ፓወር የሚያገኘው አሁንም ከአሮጌው የአናሎግ ማጉያ ሳጥን ነው፦ የሁለቱን ግራውንድ በአንድ ነጥብ ማገናኘት ይበቃል ወይስ የፕሪአምፑን ፓወርም ከአዲሱ ፕሮሰሰር መውሰድ አለብኝ?