ከፓርቲው መስመር የወጣ ተመራጭ ታማኝነቱ ለማን ነው?

ጥያቄ፦ በሐዋሳ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ሰሞኑን አንዲት ተማሪዬ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 4 በጣቷ እየተከተለች ካነበበች በኋላ፣ «የምክር ቤት አባል የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ከሆነ፣ ፓርቲው የት ገባ?» ብላ ጠየቀችኝ። አጥጋቢ መልስ ባለመስጠቴ ነገሩ ሲከነክነኝ ሰንብቷል። ለዘብተኛ ተመራጭ ከፓርቲው ተለይቶ ድምፅ ቢሰጥ መራጩን ከዳ ይባላል?

መልስ 1፦ መምህር፣ እኔ ከዳ አልልም። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካው ሪፐብሊካን ሴናተር ጆን ማኬይን በእኩለ ሌሊት አውራ ጣታቸውን ወደ ታች አድርገው የተቃውሞ ድምፅ ሲሰጡ፣ የገዛ ፓርቲያቸው የጤና መድን ሕጉን በከፊል ለመሻር ያቀረበው ሐሳብ 51 ለ49 ወደቀ። የዚያው ፓርቲ ሴናተሮች ሱዛን ኮሊንስና ሊሳ መርካውስኪም አብረዋቸው ነበሩ። መርካውስኪ እ.ኤ.አ. በ2010 ፓርቲያቸው ዕጩውን በሚለይበት ቅድመ ምርጫ ቢሸነፉም፣ የአላስካ መራጮች በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ስማቸውን በእጃቸው ጽፈው መልሰው መርጠዋቸዋል፤ ለእኔ የነፃነታቸው ምንጭ ይህ ነው።

መልስ 2፦ በከፊል ብቻ እስማማለሁ። ብዙዎቻችን ድምፅ የምንሰጠው የፓርቲውን ምልክትና መርሐ ግብር አይተን ስለሆነ፣ ተመራጩ በዋና ጉዳይ ላይ ሲለይ ምክንያቱን ለመራጩ ፊት ለፊት የማስረዳት ግዴታ አለበት። ንዑስ አንቀጽ 5 በምክር ቤት በሰጠው ድምፅና አስተያየት እንዳይከሰስ ይጠብቀዋል፤ ንዑስ አንቀጽ 7 ደግሞ አመኔታ ያጣበት ሕዝብ እንዲያነሳው ይፈቅዳል።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ንዑስ አንቀጽ 7ን ዘልዬው ነበር፤ ሰኞ ለተማሪዬ ሁለቱንም አብሬ አነብላታለሁ።